ሳይበላሽ መድረስ

ጥቅምት 6
የሰኞ ስብሰባ። እንደ ወትሮው። ሥራ አስኪያጁ አዲሱን ስትራቴጂ ዛሬም በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው አሳዩን። ወፍራም ሽፋን፣ የሚያብለጨልጭ ወረቀት… ፍሬ ነገሩ ግን አንድ መስመር ነው። ሊፍት ከተበላሸ በኋላ ከመሮጥ፣ ሳይበላሽ መፈተሽ። አስፈጻሚዋ እኔ። ስምንት መካኒክ፣ ለእያንዳንዱ በቀን ስድስት ሊፍት።
ከኋላ ጋሽ ቀስታ ብቻ ሳቅ አሉ። የመካኒኮቹ አንጋፋ ናቸው፤ "ቀስ፣ ቀስ" ማለት ስለሚያበዙ ነው ስሙ የወጣላቸው። ምን አሳቃቸው? አልጠየቅሁም።

ጥቅምት 27
የእቅዱ 92 ከመቶ! በሦስተኛው ሳምንት! መካኒኮቹ የሚሞሏቸውን የፍተሻ ቅጾች ደምሬ ለቦርዱ አቀረብኩ፤ አጨበጨቡ። ሥራ አስኪያጁ ሲወጡ ጠጋ ብለው "ምክትል የምፈልግ ይመስለኛል" አሉኝ። ቤት እስክደርስ እግሬ መሬት አልነካም።

ኅዳር 4
አንዲት ነፍሰ ጡር ሊፍት ውስጥ ተይዛ ቆየች። ሃምሳ ደቂቃ፣ በጨለማ። የጥርስ ሐኪም ያለበት ሕንፃ ነው። ስደርስ ወጥታ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች።
"እንዳልፈራ የልጅ ስም ስመርጥ ነበር" አለችኝ።
"ስንት መረጥሽ?"
"አሥራ አንድ።"
ሳቅን።
ቢሮ ተመልሼ ቅጹን አወጣሁ። ከአምስት ቀን በፊት "ተፈትሿል" ይላል። ታዲያ በሩ የሚንሸራተትበት ሐዲድ እንዴት በቆሻሻ ተደፈነ? ያ የአምስት ቀን ቆሻሻ አይደለም። ፈራሚው… ጋሽ ቀስታ። እሳቸው?

ኅዳር 5
"ዛሬ አብሬዎት ልዋል" አልኳቸው። "ጫማሽን ቀይሪ" አሉኝ፤ ሌላ ቃል የለም።
የመጀመሪያው ሕንፃ ላይ ጥበቃው ቁልፍ ፍለጋ ሃያ ደቂቃ ፈጀ። ሁለተኛው ላይ "ሊፍቱ አሁን አይዘጋም፣ ከምሳ በኋላ ኑ" አሉን። ሦስተኛው ላይ ማሽኑ ጣሪያ ላይ ነው፤ መውጫው የብረት መሰላል። የሥራ ሰዓት ሲያልቅ አራት ሊፍት ጨርሰናል። ያውም እየሮጥን።
"የጥርስ ሐኪሙን ሕንፃ አልሄዱበትም፣ አይደል?"
እጃቸውን በጨርቅ ሲጠርጉ ቆዩ። "አልሄድኩም። አራት ብዬ ስጽፍ 'ለምን አነሰ?' የሚል ቀይ ማሳሰቢያ መጣብኝ። በሁለተኛውም ሳምንት መጣ። በሦስተኛው ስድስት ጻፍኩ። ቀረልኝ።"
ቀይ ማሳሰቢያውን የምልከው እኔ ነኝ።
"ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቼ በስተርጅና ዋሸሁ" አሉ። ቀና ብለው አላዩኝም።

ኅዳር 6
የሁሉንም ቅጽ አንድ በአንድ አየሁ፤ መጀመሪያ አራት፣ ከማሳሰቢያው በኋላ ስድስት። የጋሽ ቀስታ ብቻ አይደለም። የስምንቱም ነው።

ኅዳር 10
እሑድ። እማዬ ልብስ ስታጥፍ ነገርኳት።
"ዋሽተሻል?"
"አይ… የዋሸ ወረቀት ነው ያነበብኩት።"
"እስከዛሬ ባለማወቅ ነው። ነገ ዝም ካልሽ ግን ውሸቱ የአንቺ ነው።" ካልሲዬን ወረወረችልኝ። "እጠፊ።"
ሆድ ይፍጀው ብዬ ባልፍስ? እንዴት ይሆናል… አሥራ አንድ ስም።

ኅዳር 11
ያበጠው ይፈንዳ ብዬ ገባሁ።
"ቦርዱ አጨብጭቧል እኮ!" አሉ ሥራ አስኪያጁ።
"አውቃለሁ። ቁጥሩ ሐሰት ነው።" የነፍሰ ጡሯንና የጋሽ ቀስታን ነገር ነገርኳቸው።
"እንግዲያው ሽማግሌውን እናሰናብት፤ ሌላው ይማርበት።"
"ስድስት የምትለዋን ቁጥር ማንንም ሳልጠይቅ፣ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ የጻፍኳት እኔ ነኝ። ሰው የሚሰናበት ከሆነ ከእኔ ይጀመር።"
ሪፖርቱን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።
"እውነተኛው ስንት ነው?"
"ስድሳ ከመቶ ካለፈ ጥሩ ነው።"
ለቦርዱ አብረን ልንነግር ተስማማን። ጋሽ ቀስታ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ እኔም እንደዚያው። በር ላይ ስደርስ "የምክትልነቱ ነገር… ይቆየን" አሉኝ። ይቆይ። ከፋኝ ግን፣ ለራሴማ አልዋሽም።

ታኅሣሥ 2
መካኒኮቹን ስብሰባ አዳራሽ አስገባሁ። መጀመሪያ እንደ ተቀጣ ተማሪ ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። "ይህን እቅድ እናንተ ብትሠሩት ኖሮ እንዴት ትሠሩት ነበር?" አልኩ። ጋሽ ቀስታ እስክሪብቶ ጠየቁኝ… ከዚያማ ማን ዝም ያሰኛቸው! በቀን አራት። ያረጀው ሊፍት በየወሩ፣ አዲሱ በሁለት ወር። ሰፈር ለሰፈር ተከፋፈሉ። ለጥበቃዎች ከዋዜማው ይደወል፤ ይህን ያመጣው ስብሰባ ላይ ድምፁን ሰምቼ የማላውቀው መካኒክ ነው። ቀይ ማሳሰቢያ ቀረ። በምትኩ ቅጹ ላይ አንድ ጥያቄ ገባ፤ "ምን ከለከለህ?"

ጥር 23
ረፋድ ላይ ጋሽ ቀስታ ደወሉ። "የሊፍቱ ገመድ ክሮቹ ተበጣጥሰዋል። ዘግቼዋለሁ። ባለቤቱ ግን ሊበላኝ ነው፣ ድረሽ።"
ባለ ሰባት ፎቅ፣ አሮጌ ሕንፃ። ባለቤቱ ይጮሃል፤ "ዛሬ ጠዋት እንኳ ሲሠራ ነበር!"
"እየሠራ ሳለ ነው የመጣነው" አሉ ጋሽ ቀስታ፣ ረጋ ብለው። የተበጠሰውን ክር በባትሪ አሳዩት። ሰውየው ጎንበስ ብሎ አየ። የሊፍቱን ቁልፍ አውጥቶ ሰጣቸው።
አዲሱ ገመድ ከነገ ወዲያ ይገባል። እስከዚያ በደረጃ ነው። አንዲት እናት ሁለት ዘንቢል ይዘው መጡና አፈጠጡብኝ። "ደህናውን ሊፍት የምትዘጉ ምን ዓይነት ሰዎች ናችሁ?"
"ይቅርታ እማማ" ብዬ ዘንቢሎቹን ተቀበልኳቸው። ስድስተኛ ፎቅ! በየፎቁ አረፍን፤ በየፎቁ ሰደቡኝ። በራቸው ላይ ስንደርስ ላቤን አይተው "ነይ ግቢ፣ ውሃ ጠጪ" አሉኝ።
ገባሁ። ሁለት ብርጭቆ ጠጣሁ።