ሁለቴ የጎረሰው ጠመንጃና የመንገድ ዳሯ ክፍል

ለማንም ነግሬው የማላውቀውን አስቀድሜ ልናገር፤ ዕቃ ማከፋፈሉ ይደርሳል። ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት የባሌን ሦስት ጣቶች የቆረጠው የጠመንጃ ፍንዳታ የብረት ሠሪው ጥፋት አልነበረም። ባሌ ቀድሞ የጎረሰውን ጠመንጃ ሳያይ ደግሞ አጎረሰው። እኔ አየሁ፤ ዝም አልኩ።

ይህን የምናገረው የካቲት አሥራ አራት ቀን፣ ማክሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ በገዛ ቤቴ፣ ማንም ሳያስገድደኝ ነው። ልቤ ደክሟል፤ አእምሮዬ አልደከመም። ትልቁ ልጄ ነገ «እማዬ ትቀባዥር ነበር» እንዳይል፣ ባለ መድኃኒት ቤቱ ጎረቤቴ ዕለቱን፣ የልጆቼን ዕድሜና የዘጠኝን ማባዣ ጠይቀውኝ ሳልሳሳት መልሻለሁ። ልጄም ተጠይቆ ነበር። ዘጠኝ ጊዜ ስምንት ላይ ሲደርስ ስልኩን አወጣ። ይህም ይጻፍ።

የሚጽፉልኝ ጡረታ የወጡት መምህር ናቸው፤ ዳቦ ጋጋሪዋና ፖስታ አመላላሹም ለምስክርነት ተቀምጠዋል። ቃሌን እንዳያሳምሩብኝ አደራ ብያለሁ።

ባሌና እኔ በጫካው ጫፍ ለእንግዶች የሸራ ድንኳን እያከራየን፣ ባሩድና የእርሳስ ጥይት በአፈሙዙ በሚጎርስ አሮጌ ጠመንጃ ዒላማ እያስተኮስን ኖረናል። የሚያወራው እሱ ነበር፤ ድንኳኑን የምሰፋውና ጠመንጃውን የማጎርሰው እኔ ነበርኩ። ማንበብ ያስተማረኝ የለም። የባሩድ ጣሳ ላይ ያለውን ጽሑፍ ከሱቅ ሰሌዳ ጋር እያስተያየሁ ፊደሉን ለየሁ፤ ከዚያ ከጠመንጃው ጋር የመጣውን መመሪያ ደብተር ከዳር እስከ ዳር አነበብኩ። ባሌ ሽፋኑንም አልገለጠም። የሚያውቅ ሰው ምን ያነባል!

አንደኛ። ትልቁ የሸራ ድንኳን ከምሰሶዎቹና ከሠላሳ ሁለቱ ካስማ ጋር ለትልቁ ልጄ ይሁን። ድንኳን ነጋዴ ነው፤ በድንኳን ግን አድሮ የሚያውቀው አንድ ቀን ብቻ ነው። ያን ቀን ደንበኞቹን ይዞ ሄዶ ሜዳው አልጋ መሰለኝ ብሎ የደረቀ ጎርፍ መውረጃ ውስጥ አሰፈራቸው። ጠዋት ጫማቸውን ከታች ከሸንበቆ መሐል ለቀሙ።

«ማን ነው አሁን ሸራ የሚሸከም፣ እማዬ?» አለኝ እዚሁ ፊታችሁ። «የኛው እኮ ሁለት ኪሎ ነው የሚመዝነው።»

«ነፋስም የሚወስደው ለዚያ ነው» አልኩት።

ዳቦ ጋጋሪዋ ሳቀች። መምህር፣ ሳቋንም ይጻፉልኝ።

እንግዲህ ከውርሱ ጋር ምክር ይውሰድ፤ ምክሩ እንኳ አይከብድም። አዲስ ሸራ ጫካ ከመሄዱ በፊት ደጅ ተተክሎ ውኃ እስኪጠግብ ይርጠብ፣ ይድረቅ፣ ደግሞ ይርጠብ፤ ክሩ አብጦ የመርፌውን ቀዳዳ የሚደፍነው እንዲህ ሲሆን ነው። ዝናብ ሲጥል ከውስጥ ሸራውን በጣት የነካ ሰው ውኃውን «ና ግባ» ብሎታል፤ ከዚያ ይንጠባጠባል ብሎ አያማርር። ደመና ሲመጣ የጥጡን ገመድ ማላላት ነው፤ ሲርስ አጥሮ ካስማ ይነቅላል። ካስማው ቀጥ ብሎ ሳይሆን ራሱን ከድንኳኑ ወደ ውጭ አዘንብሎ ይተከል። እሳት ደጅ ይቅር። እርጥብ ሸራ አጣጥፎ መጋዘን ያስገባ ደግሞ ሻጋታ ዘርቷልና በወሩ ይጨድ። ከነገሩ ሁሉ ልጄ የሚያስታውሰው ስንት እንደሚሸጥ ብቻ መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ብያለሁ።

ሁለተኛ። ደህናው፣ ያልፈነዳው ጠመንጃ ለትንሹ ልጄ አይሁን፤ ለሚስቱ ለምራቴ ይሁን። ትንሹ ልጄ የፈለገው ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ከቴሌቪዥኑ በላይ ሊሰቅለው ነው። «ታሪክ እኮ ነው፣ እማዬ» ይለኛል። ታሪኩን ጠይቁት እስቲ፤ በየትኛው በኩል እንደሚጎርስ አያውቅም። ምራቴ ግን አንድ ቀን ቧንቧውን ስጠርግ አጠገቤ ተቀምጣ «ትናንት ያጸዱትን ዛሬ ለምን ይደግሙታል?» አለችኝ። በአርባ ዓመት ውስጥ ከዚህ ቤት የሰማሁት ደህና ጥያቄ ይኸው ነው። መልሱም፦ የባሩድ ጥላሸት እርጥበት ይጠራል፤ ዛሬ በሞቀ የሳሙና ውኃ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ዘይት የተቀባ ብረት ነገ ዝገት ብቅ ያደርጋል። ስለዚህ በማግሥቱ ደግሞ ይታያል።

ልጄ ሆይ፣ ባሩዱን ከሚቀመጥበት ቀንድ በቀጥታ አታፍስሺ፤ ከፊተኛው ተኩስ የተረፈ ፍም ካለ ቀንዱ እጅሽ ላይ ይነዳል። በመስፈሪያ ለክተሽ፣ ፊትሽን ከአፈሙዙ አሽሽተሽ ጨምሪ። ጥቁሩን ባሩድ እንጂ የዘመኑን ጢስ አልባ ባሩድ አታስጠጊው። እርሳሱ ባሩዱ ላይ ደርሶ እስኪቀመጥ ግፊው፤ መሐል ላይ የቀረ እርሳስ ቧንቧ ይሰነጥቃል። ሳይተኩስ ቢከሽፍ ወደ ዒላማው እንዳዞርሽ ታገሺ፤ ከእሱ ይልቅ የሚቸኩለው ሰው ነው ሰው የሚገድል።

ከሁሉ በላይ መጎስጎሻውን ዘንግ ተመልከች። ሁለት ቀለበት ቀርጬበታለሁ። ጠመንጃው ባዶ ሲሆን የላይኛው ቀለበት ከአፈሙዙ ጋር ይተካከላል፤ በልክ ሲጎርስ የታችኛው። ሳታዪ ባሩድ አትጨምሪ። ዘንጉ ከልኩ በላይ ብቅ ካለ ያ ጠመንጃ ሁለቴ ጎርሷል።

ሦስተኛ፣ እዚህ ላይ ደረስኩ። ጠመንጃው በፈነዳ ቀን በቀረጽኳቸው ቀለበቶች ሲሳለቅ የነበረው ባሌ ነው። ጠመንጃውን አጉርሼ መደገፊያው ላይ አቁሜዋለሁ። እሱ እንግዶቹን እያሳቀ መጣ። «ይቺ ሴትዮ እኮ ጠመንጃ በደብተር ነው የምታስተኩሰው! ጠመንጃም ፊደል ይቆጥራል እንዴ?» ሁሉም ሳቁ። እያወራ ባሩድ ጨመረ፣ እርሳስ ጨመረ፣ ዘንጉን ገፋ። የታችኛው ቀለበት አራት ጣት ያህል ከአፈሙዙ በላይ ቆሞ ታየኝ።

ትከሻውን ይምታው፣ አልኩ በልቤ። እንግዶቹ እስቲ በእሱም ይሳቁ።

ቧንቧ እንደሚፈነዳ አላውቅም ነበር እንዳልል ደብተሩን አንብቤዋለሁ። አሥራ ሰባተኛው ገጽ ላይ ነው።

ብረት ሠሪው ከሁለት ሳምንት በፊት የጠመንጃውን የእሳት ቀዳዳ ጠርጎልን ነበር። ባሌ ገና እጁ ሳይጠቀለል «ብረቱን ያበላሸው እሱ ነው» አለ። የተኳሾች ማኅበርም ተሰበሰበ፤ ባርኔጣ የደፉ አሥራ አንድ ሰዎች የፈነዳውን ቧንቧ አንዳቸውም ሳያገላብጡ በአንድ ከሰዓት ፈረዱበት። ሥራ የሚያመጣለት ጠፋ። ልጆች በመንገድ «ጧ መጣ! ጧ መጣ!» ይሉት ጀመር፤ እስከ ዛሬም ትልልቁ ሰው ሳይቀር ጧ ነው የሚለው። ሱቁን ዘግቶ በየደጁ ቢላዋ እየሳለ ኖረ።

ከፍርዱ በኋላ በሦስተኛው ቀን ደጄ ላይ መጥቶ፣ ኮፍያውን አውልቆ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ። «እትዬ፣ ጎርሶ ነበር?»

«እኔ ሴት፣ ስለ ጠመንጃ ምን አውቃለሁ?» አልኩት።

ሌላ ጊዜ እንዲህ ያለችኝን ሴት እንቅ ነበር። ዝምታ ወርቅ ነው ይላሉ፤ የኔ ወርቅ ግን ከሰው ቤት የተሰረቀ ነበር። ባሌ ሲያፌዝብኝ የኖረውን ያህል ባፌዝበትም፣ በመጨረሻ እሱ ሳያውቅ ነው የተናገረው። የዋሸሁት እኔ ነኝ።

ስለዚህ ድንኳን የምሰፋባት የመንገድ ዳሯ ክፍል ከነጠረጴዛዋ፣ ከነጉጠቷና ከነመብራት ቆጣሪዋ ለብረት ሠሪው ትሁን። ይቅርታ አልጠይቀውም፤ ሰጠሁህ ብዬ ይቅርታ ከጠየቅሁ መሸጤ ነው። ይቀበል አይቀበል የራሱ ፈንታ ነው። የፈነዳው ቧንቧ ደግሞ ለማኅበሩ ይሁን፤ ዛሬም ሁለት እርሳስ ውስጡ ያልነበረ መስሏቸው ከሆነ ስንጥቁ የት እንደጀመረ ይለኩ። መለካት ካወቁ።

ትልቁ ልጄ ተነሣ። «እማዬ፣ ክፍሏ ለመጋዘን ታስባ ነበር እኮ! ደግሞስ አባዬን በመቃብሩ ታዋርጂዋለሽ? ሙት ወቃሽ አትሁኚ።»

«የምወቅሰው ገና ያልሞተችውን ነው» አልኩት። «ተቀመጥ።»

የቀረው ቤት ለሁለቱ ልጆቼ እኩል ይሁን። በግድግዳ ቢጣሉ ግድግዳውን ያፍርሱት።

ሁሉም ካለቀ በኋላ ትንሹ ልጄ ለስለስ ብሎ «ይሁን፤ ግን ኑዛዜ አይደል? ከሞትሽ በኋላ ይከፈት። እስከዚያ ሰው ፊት ቀና ብለሽ ትሄጃለሽ» አለኝ። ደግ ልጅ ነው፤ ሐሳቡም ጣመኝ፣ አልዋሽም። ጥቂት ዝም አልኩ፤ መምህሩም ብዕራቸውን አንሥተው ጠበቁኝ። ያን ጊዜ ምን እየሠራሁ እንደሆነ ገባኝ። ከሞትኩ በኋላ ለብረት ሠሪው ቢደርሰውማ ደግሞ ዝም አልኩ ማለት ነው። ሰውዬው ሊሰድበኝ፣ ደጄ ላይ ቆሞ ሊጮህብኝ መብት አለው፤ መቃብር ላይ ቢጮህ ምን ይጠቅመዋል?

«ዛሬውኑ ያደርሱልኛል?» አልኳቸው ፖስታ አመላላሹን።

«ቴምብር የለውም እኮ፣ እትዬ» አሉ እየሳቁ። ፊቴን ሲያዩ ሳቃቸውን ተዉት። «አደርሳለሁ። እጁ ላይ ነው የማስቀምጠው።»

ይህ ቃሌ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአራቱ ምስክሮች ፊት ጮክ ተብሎ ተነብቦልኛል። አንድ ቦታ አስቁሜ «አየሁ፤ ዝም አልኩ» የሚለውን መምህሩ «ልብ ሳልል ቀረሁ» ብለው አሳምረውት ስላገኘሁ አሰርዤ አስተካክያለሁ። ስርዙ የኔ ነው።

ተናዛዥዋ፣ በገዛ እጄ ፈርሜያለሁ።
ምስክሮች፦ ጸሐፊው ጡረተኛ መምህር፤ ባለ መድኃኒት ቤቱ፤ ዳቦ ጋጋሪዋ፤ ፖስታ አመላላሹ። አራቱም ፈርመዋል።
ልጆቼ ሰምተዋል። ትልቁ አልፈርምም ብሏል፤ ፊርማውን የጠየቀው የለም።

እነዚህን ገጾች ዛሬ፣ እኔ በሕይወት ሳለሁ፣ የሚቀበለው ብረት ሠሪው ነው።