ለእያንዳንዱ ግማሽ

ግንቦት 12
ዝናብ። መብራት ሄደ መጣ። የሳሚያን የመመረቂያ ጽሑፍ አንብቤ ጨረስኩ፤ ከፈታኞቿ አንዱ እኔ ነኝ። ጎበዝ ናት... ያናድዳል። ብዙ ስልኮች በአንድ ሞገድ ሲነጋገሩ ሳይረባበሹ መሥራት የሚችሉት እስከ ምን ድረስ ነው? ይኼ ነው ርእሷ። «ገበያ መሀል መቶ ሰው ቢጮህ፣ የሌላውን ጩኸት ሁሉ ወደ አንድ ጆሮ ካደረግነው፣ በሌላው የራሳችንን ሰው እንሰማለን። ለእያንዳንዱ ግማሽ ይደርሰዋል» ትላለች። ስድስት ዓመት አስተምሬው እንዲህ ማስረዳት አልመጣልኝም።

ግን ስታለች። ላኪዎቹ ስልኮች ሞገዱ የሚያልፍበትን መንገድ ሁሉ ሁኔታ በየቅጽበቱ ማወቅ አለባቸው። ካላወቁ ግማሽ የሚባል ነገር የለም፤ መቶ ሰው ካለ ለእያንዳንዱ ከመቶ አንድ ነው። እሷ «ባያውቁም ይሠራል» ብላ አልፋዋለች። ሥራዋ በሙሉ እዚያ ላይ ነው የቆመው።

ግንቦት 14
ቢሮ መጣች። «መምህር፣ የማርመው ነገር አለ?»
«የለም፣ ጥሩ ነው።»
ለምን እንዲህ አልኩ? ኅዳር ላይ ሰሌዳ ላይ የሳትኳትን ምልክት ክፍሉ ፊት አርማኝ ነበር። ተማሪው ሁሉ ሳቀ። ኤ ካገኘች ደግሞ ኮሌጁ በመምህርነት ያስቀራታል። ከጎኔ ቢሮ!

ሰኔ 3
ሳሚያ ጽሑፏን የምትከላከልበት ቀን። አባቷ አቶ ሙሐመድኑር ከአንገር ጉቲን በአይሱዙ ተጭነው መጡ። ጫማቸው ጭቃ በጭቃ። ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ኃላፊያችን ፈይሳ በጆሮዬ፦ «ማሎ፣ እባክህ ቀነዓ፣ አባትየው እዚህ አሉ፤ ቀለል አድርገው።»

አላቀለልኩም። «ላኪዎቹ ካላወቁ ጩኸቱን ወደ አንድ ጆሮ የሚያደርገው ማነው?» ደገምኩት። በሦስተኛው ቀና ብላ አየችኝ፣ የሆነ ነገር ልትል... ተወችው። ሃያ ደቂቃ አቆምኳት። ደስ ብሎኛል፤ ለራሴ ልዋሽ?

ሲወጡ አባቷ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። «አላህ ይስጥልኝ የኔ ጌታ። ሌሎቹ አንድ ሁለት ጠይቀው ተዉአት። ለልጄ የደከሙላት እርስዎ ነዎት።»

ሰኔ 4
ሲ አገኘች። የመምህርነቱ ቦታ ለሌላ ሰው ተሰጠ።

ሰኔ 9
የምንጮቿን ዝርዝር ገና ዛሬ አየሁት። ያቺ «ባያውቁም ይሠራል»... ከእኔ የክፍል ማስታወሻ ናት። ገጽ አሥራ አራት፣ ቃል በቃል። ሦስት ዓመት ያባዛሁት የራሴ ስህተት!

ደወልኩላት። «ለምን እዚያው አልተናገርሽም?»
«አባቴ ተቀምጦ? የኅዳሩን ሲሰማ ተቆጥቶኝ ነበር። ዳግመኛ መምህርሽን ሰው ፊት እንዳታሳፍሪ ብሎኛል።» ቀጥላ፦ «ውጤቱ ይስተካከላል፣ መምህር?»
«አያለሁ» አልኳት።

ሰኔ 10
ፈይሳ ቢሮ ገባሁ። «አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርክ፣ ምን ነበር?» አለኝ።
ምንም፣ ሰላም ልልህ ነው አልኩት።

ጥቅምት 6
አዲሶቹ ተማሪዎች ማስታወሻውን ጠየቁ። ገጽ አሥራ አራትን አርሜ አባዛሁላቸው። ሲና የምትባለው፣ «የአምናው ሌላ ይላል፣ መምህር» አለች። የትየባ ስህተት ነው አልኳት። ማንም አልሳቀም።

ሳሚያ ከአባቷ ጋር ሰሊጥ እያጨደች ነው አሉ። ባለፈው ሳምንት «መምህር፣ አዩልኝ?» ብላ ጽፋልኝ ነበር። ዛሬ ቁጥሯን አጠፋሁት።