ጦር አቀባይ ሸምጋይ

ጥር 14 ቀን 2016 ዓ.ም.
ጋፋት፣ ደብረ ታቦር

ይድረስ ለናፈቅሁሽ ልጄ ለዓይናለም፣
ኦምዱርማን፣ ሱዳን

እንደምን ሰነበትሽ? አማቼ ሃሺምስ? እኔና እናትሽ፣ አምላክ ይመስገን፣ ቆመን እንሄዳለን። ስልኩ ተቋርጦ ድምፅሽን ካጣን ወዲህ ግን እናትሽ እህል አልወርድላት ብሏል። ይህን ደብዳቤ የይፋጉ ነጋዴ ባዩ እስከ መተማ ያደርሰዋል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን እግዜር ያውቃል።

በመጨረሻ የደወላችሁ ዕለት ሃሺም አንቺን አስተርጓሚ አድርጎ ያለኝ ከጆሮዬ አልወጣም። "አባባ፣ አያቴ እንግሊዝ ባንዲራውን አውርዶ ሲሄድ አይቷል። እኛ ደግሞ መሪያችንን ራሳችን እንምረጥ ብለን አደባባይ ወጣን። አሁን የውጭ አገር ሰዎች ለሁለቱ ጦረኞች መሣሪያ እያቀበሉ አገሬን ሊቃረጧት ነው። ሰፈሬን ለማን ትቼ ልሂድ?" አለኝ። ሃይማኖቱ እንደ እኛ አይደለም ብዬ ሁለት ዓመት ባኮረፍኩት ሰው ያን ዕለት ኮራሁ። ግን የሚሞትብኝ ልጄን ይዞ ነው፤ ይህን ሳስብ ደግሞ እናደዳለሁ።

ሃሺም መሣሪያ ያቀብላሉ ያላቸው ሰዎች ሊሸመግሉ ተቀመጡ ሲባል በሬዲዮ ሰማሁ። ልጄ፣ ፀጉሬ የሸበተው በሽምግልና ነው። እኛ ዘንድ ለአንዱ ባለጉዳይ ዱላ ያቀበለ ሰው ለሽምግልና አይቀመጥም፤ ቢቀመጥም ተነሥ ይባላል። ባለጉዳዩ በሌለበትም ነገር አይታይም። እነዚያን መሣሪያ አቀባዮች "እናንተን ማን ጠራችሁ?" የሚላቸው ጠፋ። ከእንዲህ ያለ ሽምግልና ዕርቅ ይወጣል ብለሽ አትጠብቂ።

ስለዚህ ነይ። ሃሺምንም ይዘሽው ነይ። ስደት ነውር አይደለም፣ ጌታም ተሰዷል። መተማ ስትደርሱ የባዩን ሱቅ ጠይቁ፤ ያለ እሱ መኪና እንዳትሳፈሩ። ለገንዘብ ሰው የሚያግቱ አሉና ያለሽ እንዳትመስዪ አሮጌ ልብስ ልበሺ። ጎንደር ላይ መንገዱ ከተዘጋ ቤተ ክርስቲያን ተጠግታችሁ ቆዩ። ኬላ ላይ ከየት መጣሽ ቢሉሽ እውነቱን ተናገሪ፤ የማን ወገን ነሽ ቢሉሽ ግን አላውቅም በይ፣ ጠያቂው ማን እንደሆነ መለየት አስቸግሮናልና። ሃሺም አፉን እንዳይከፍት፤ ቋንቋችንን ስለማይችል የባዕድ ሰላይ ነው እንዳይሉብኝ እፈራለሁ።

እዚህ ድረስ ለእናትሽ ሳነብላት፣ "አንተ ሰውዬ፣ ልጄን ከእሳት አውጥተህ ወደ ምን ልትከታት ነው?" አለችኝ። ተቆጣኋት። ኋላ ግን እውነቷን እንደሆነ ገባኝ። እዚህም መሣሪያ አንሥተው የሚዋጉትን እንሸምግል ብለን ከተነሣነው ሽማግሎች መካከል ጎረቤታችን ደምሴ ለሽምግልና ወደ ገሳይ ከተማ እንደሄደ ቀርቷል። ማን እንደወሰደው የሚነግረን የለም። ሚስቱ ማቅ ትልበስ ወይ ትጠብቀው አታውቅም። ነገ ደግሞ ተራው የእኔ ነው፤ እሄዳለሁ፣ ካልሄድኩ ምኑን ሽማግሌ ሆንኩት።

ልጄ፣ ዕርቅ ስንጨርስ "በሉ ወደየቤታችሁ ግቡ" ብለን ነው የምንነሣ። ላንቺ ግን የትኛውን ቤት ልበልሽ? ከሃሺም ጋር ተማከሩና ራሳችሁ ወስኑ፤ ማንም አይወስንላችሁ፣ እኔም ጭምር። ብቻ አትለያዩ። ነይ ያልኩትን ልሰርዘው ብዕሬን አነሣሁ፤ እጄ እምቢ አለኝ።

የምትመርጡት የትኛውም ይሁን፣ መድኃኔዓለም ከፊታችሁ ይቅደም።

አባትሽ ሙላቴ