አረንጓዴው የብልሽት መዝገብ

ጥቅምት 6፣ ሰኞ

ሊፍቱ ዛሬም አይሠራም። አራተኛ ፎቅ እስክደርስ ትንፋሽ አጠረኝ። ገና ሳልቀመጥ የጋዜጣችን አዘጋጅ፣ «ሴትዮዋ ከጠዋት ጀምሮ አንቺን ነው የምትጠብቀው» አለኝ።

የጎርፍ ውሃ መምጠጫው ፓምፕ ኦፕሬተር ሚስት ናት። ክረምት ላይ ታችኛው ሰፈር በጎርፍ ተጥለቅልቆ ሦስት ሰው ሞቶ የለ... ፓምፑን ሳያስነሳ ተኝቷል ተብሎ የታሰረው ባሏ ነው።

«እህቴ፣ ፓምፑ ተበላሽቷል ብሎ ቀድሞ ሦስት ጊዜ ጽፏል። መዝገቡ ላይ አለ» አለችኝ። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይቀለኝ ነበር።

ጥቅምት 7

ውሃ መሥሪያ ቤት ሄድኩ፣ መዝገብ ቤት። መዝገብ ያዡን ሽማግሌ ሁሉም ጋሽ ቁልፌ ይላቸዋል። ወገባቸው ላይ የቁልፍ መዓት አለ፤ ከመደርደሪያዎቹ ግን አንዱም አይቆለፍም። የብልሽት መዝገቡን በጣታቸው አሳዩኝ። አረንጓዴ ጀርባ። ሁለት እርምጃ ቢርቅ ነው።

«ያውልሽ ልጄ። ማንም ያየዋል። ለደንቡ ያህል አንድ ደብዳቤ አምጪና ቁጭ ብለሽ ታነቢዋለሽ።»

አንዴ ልግለጠው ብል እምቢ አይሉኝም ነበር። አላልኩም። ሥርዓት አዋቂ ነኝ አይደል?

ጥቅምት 8

ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አስተካከልኩት። ምክንያቱ፣ ቀኑ፣ የተከሳሹ ስም፣ የወንጀል ክሱ ቁጥር ሳይቀር። አንድ ነገር ጎደለ ብለው እንዳይመልሱኝ። አዘጋጁ አንብቦ «ደብዳቤ ማለት ይሄ ነው» አለ። ለምን እዋሻለሁ፣ ኮራሁ።

ጥቅምት 14

መልስ መጣ። «የጠየቃችሁት መዝገብ በፍርድ ቤት በመታየት ላይ ካለ የወንጀል ጉዳይ ጋር የተያያዘ መሆኑን ከደብዳቤያችሁ ስለተረዳን፣ ጉዳዩ ውሳኔ እስኪያገኝ ለጋዜጠኛ መስጠት የማንችል መሆኑን እንገልጻለን።»

ከደብዳቤያችሁ ስለተረዳን...

እየሮጥኩ ሄድኩ። መደርደሪያው ላይ የመዝገቡ ቦታ ባዶ ነው። ሕግ ክፍል ወስዶ ቆልፎበታል። ጋሽ ቁልፌ ቀና ብለው አላዩኝም። «ልጄ፣ ምን አስለፈለፈሽ? ለዘገባ ብትይ ይበቃ ነበር። የፍርድ ቤት ቁጥር ሲያዩ ደነገጡ።»

ያስቆለፍኩት እኔ ነኝ። በገዛ እጄ፣ ከነማኅተሙ።

ጥቅምት 15

ሚስቱ ደወለች። አላነሳሁም።

ጥቅምት 17

ነገርኳት። «ለደግ ብለሽ ነው» አለች። ብትሰድበኝ ምን ነበረበት?

አዘጋጁን ለመንኩት። እሷ ያለችውን ብቻ እንጻፍ አልኩ። «ሰነዱን ሳናይ? ነገ እኛም እንከሰሳለን» አለ። እውነቱን ነው። የሚያናድደኝም እውነቱን መሆኑ ነው።

ኅዳር 19

ችሎት ዋልኩ። ጠበቃው መዝገቡ እንዲቀርብ አሳዝዞ ነበር። መሥሪያ ቤቱ የላከው ግን የአንድ ገጽ ኮፒ፤ ጎርፉ የገባበት ቀን ብቻ። ትእዛዙ «የዕለቱ መዝገብ» ነው የሚለው አሉ።

ኦፕሬተሩ እጁን አወጣ። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ከሱ በፊት ያሉት ገጾችስ?»

ዳኛው «የታዘዘው ቀርቧል» አሉ። ኦፕሬተሩ ዞር ብሎ ጋዜጠኞች የተቀመጥንበትን ወንበር አየ። የት ልግባ?

ታኅሣሥ 10

አራት ዓመት።

ታኅሣሥ 23

ጠዋት ከሕግ ክፍል ተደወለልኝ። «ጉዳዩ ውሳኔ አግኝቷል፤ መጥተው ማየት ይችላሉ።» ታክሲ ውስጥ ሆኜ ለሚስቱ ደወልኩላት። ድምጿ ከስንት ጊዜ በኋላ ሞቅ ብሏል። «እኛም አሁን ይግባኙን አስገብተን መውጣታችን ነው፤ መሥሪያ ቤቱ በር ላይ እጠብቅሻለሁ» አለች።

መዝገቡ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ያው አረንጓዴው። የሕግ ክፍል ሠራተኛዋ በቅድሚያ የሚፈረም ቅጽ ሰጠችኝ። መጨረሻው ላይ «ጉዳዩ በየትኛውም ፍርድ ቤት እየታየ አለመሆኑን አረጋግጣለሁ» ይላል።

እስክሪብቶውን ይዤ ስንት ደቂቃ ቆየሁ? ብፈርም ውሸት ነው። ነገ ዐቃቤ ሕጉ በሐሰት የተገኘ ነው ብሎ ገጾቹን ከነእኔ ይጥላቸዋል። ሠራተኛዋ ፊቴን አይታ «ይግባኝ ተብሏል እንዴ?» አለች፣ በደግነት። መልስ አላስፈለጋትም። መዝገቡን አንስታ ቁም ሳጥኑ ውስጥ መለሰችው። ሳትገልጠው።

በሩ ላይ ለሚስቱ ነገርኳት።

«ይግባኙን ብንተወው ያሳዩሻል?»

«ያሳዩኛል።»

«እሱስ?»

«እሱ እዚያው ይቀራል።»

ነጠላዋን አስተካከለች። «በቃ፣ ይግባኙ ይቀጥል። ገጾቹን እኔው ራሴ እግራቸው ላይ ወድቄ እለምናለሁ። አንቺ ግን እህቴ፣ ከእንግዲህ ምንም እንዳትጽፊላቸው።»

እሺ አልኳት።