ምንጩን በልግ ያልኩበት ቀን

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለጋሼ ቸኮል ወልደ ገብርኤል፣ ፓዌ፣ መንደር ሰባት

ከተለያየን እነሆ ዓመት ከመንፈቅ ሊሞላን ነው፤ ለመሆኑ እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህ ድንቅነሽስ እንዴት ናት? ትንሹ አካሉ አፉን ፈታ? የቆላው ሙቀት ለመዳችሁ? ወባውስ ትንሽ ፋታ ሰጣችሁ? በጥር የጻፍከው ደብዳቤ የደረሰን በፋሲካ ማግስት ነው። አባባ ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ። እናታችን ደግሞ ፊደል ባትለይም ወረቀቱን ከእጄ ተቀብላ ጉንጯ ላይ አሳረፈችው። እኛ ከናፍቆታችሁ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ጋሼ፣ ዛሬ የምጽፍልህ ስላጠፋሁት ጥፋት ነው፤ ግን አትደንግጥ፣ መጨረሻው ያማረ ነው። እንደምታውቀው ደሴ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ማትሪኩ አልሆነልኝም። ፊት ለፊት የሚናገረኝ ባይኖርም፣ ውሃ ልቀዳ ስወርድ «አሥራ ሁለት ዓመት ተምራ ለእንስራ ተመለሰች» ሲባል ከኋላዬ እሰማ ነበር። አንገቴን ደፍቼ ነው የከረምኩት።

የካቲት አጋማሽ ላይ አንድ ማለዳ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር አህመድ ሰው ላከብኝ። ስሄድ አንድ ፈረንጅ መኪናውን አቁሞ ሾላው ሥር ተቀምጧል። ሚስተር ፒተር ይባላል፣ መሐንዲስ ነው። አስተርጓሚው ታሞ ደሴ ቀርቷል። የእንግሊዝኛው አስተማሪ መለሰም ለስብሰባ መካነ ሰላም ሄዷል። ከአውራጃ የመጣው ወረቀት «እንግዳ ይመጣል፣ ተባበሩ» ከማለት በቀር ሰውየው ለምን እንደመጣ አይናገርም። አህመድ «አብሽሪ፣ የምታውቂውን ያህል ተናገሪ» አለኝ። አባባ ከሽማግሌዎቹ መካከል ተቀምጠው ያዩኛል።

ፈረንጁ «ስፕሪንግ አላችሁ ወይ?» ብሎ ጠየቀ። ቃሉን ስሰማው ደስ አለኝ፤ ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ አውቀዋለሁ፣ የወቅት ስም ነው፣ በልግ ማለት ነው። «በልግ አላችሁ ወይ ይላል» አልኳቸው። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አባባ «በልግማ ከከዳን አራት ዓመት አለፈው፤ ንገሪው» አሉ። እኔም ስፕሪንግ የለንም፣ ከቀረ አራት ዓመቱ ነው አልኩት። ሰውየው አዘነ። ደብተሩ ላይ አንድ መስመር ጻፈ፣ የሁሉንም እጅ ጨበጠና ወደ ጨፌ ቀበሌ ነዳ። ሁለት መቶ እርምጃ ቁልቁል ምንጫችን እየፈሰሰ ነበር።

አስተርጉሜ ቤት ስገባ እናታችን ፈረንጁ ምን ሊሰጠን መጣ ብላ ጠየቀችኝ። በልግ ብቻ ጠይቆ ሄደ ስላት «በልግን ምን ሊያደርገው? ሰማይ ሊያርስ ነው?» አለችኝ። ይህ ነገር ልቤን ከነከነኝ። ወደ መለሰ ቤት ሄጄ ሚስቱን አስፈቅጄ መዝገበ ቃላቱን ገለጥኩ። ስፕሪንግ፦ አንደኛ ወቅት፣ ሁለተኛ የብረት ሞላ፣ ሦስተኛ ከመሬት የሚፈልቅ ውሃ። ጋሼ፣ ሰውየው የጠየቀን ለካ ምንጭ ኖሯል።

ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም ነበር። ግን ያቺ በተቅማጥ ያጣናት ልጃችሁ ብርሀንነሽ ትዝ አለችኝ። ሐኪሙ በዚያ ዓመት «ከብትና ሰው ከአንድ ምንጭ ስለሚጠጣ ነው» ያለን ትዝ አለኝ። ሮጬ ለአባባ ነገርኳቸው። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ «ይኼማ ኅብር ቃል ነው፤ አንዱን ጎን ይዘሽ ሌላውን ጥለሽው ነው። እኔም የቅኔ ተማሪ ሳለሁ በጉባኤ መሐል እንዲህ ወድቄያለሁ» አሉና በትራቸውን አነሱ። ጨፌ የሦስት ሰዓት መንገድ ነው። እሳቸው በዚያ ዕድሜያቸው አንዴም እንረፍ አላሉኝም።

ስንደርስ መኪናው ተነሥቷል፤ ጨፌ ያለው ውሃ የክረምት ኩሬ ሆኖበት ወደ ደሴ ሊመለስ ነበር። አባባ መንገዱ መሐል በትራቸውን ዘርግተው ቆሙ። እኔ እያለከለክሁ «ሚስተር፣ ይቅርታ፣ ስፕሪንግ አለን» አልኩት። እሱም «በየትኛው ወር?» አለኝ! ሳቅም እንባም መጣብኝ። ከአባባ እጅ በትሩን ተቀብዬ አፈሩ ላይ ቋጥኝ ሣልኩ፣ ከሥሩ የሚወጣ ውሃ ሣልኩ፣ አጠገቡ እንስራ የያዘች ሴት ሣልኩ። ጎንበስ ብሎ አየና ግንባሩን በመዳፉ መታ። የመኪናውን በር ከፈተልን። አባባ በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ መኪና ውስጥ የተቀመጡት ያን ቀን ነው፤ እስከ መንደራችን ሾላ አምባ ድረስ ውዳሴ ማርያም አላቋረጡም።

ምንጩን በጣሳና በእጅ ሰዓቱ ለካው፣ ጥሩ ነው፣ ቧንቧ ይገባለታል አለ። እዚያው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለን የቃሉን አገባብ አሳየኝ። ወቅቱን ሲሉ «ኢን ስፕሪንግ» ነው፣ በበልግ እንደማለት። ውሃው ጋ ሲሆን «አት ዘ ስፕሪንግ» ነው። ብዙ ምንጮች ከሆኑ መጨረሻው ላይ «ስ» ይጨመራል። ከፊቱና ከኋላው ያለውን ቃል ካላየሽ የቃሉን ልብ አታገኚውም አለኝ። አሥራ ሁለት ዓመት ተምሬ ይህን ያወቅሁት በዚያ ድንጋይ ላይ ነው።

በማግሥቱ ሕዝቡ ሲሰበሰብ አህመድ «ትናንት የሄደው ሰውዬ ምን ቢያገኝ ተመለሰ?» ብሎ ጠየቀ። ተነሥቼ ሁሉንም ተናገርኩ። ኋላ ጎረቤታችን እትዬ በለጡ «እኔ ደግሞ በልግ በመኪና ጭኖልን የመጣ መስሎኝ ነበር» ብላ ስትስቅ ሁሉም በሳቅ ፈነዳ። ከዚያ ወዲያ እስላሙም ክርስቲያኑም ተባብሮ ድንጋይ ተሸከመ፣ ሴቶቹ አሸዋ አመላለሱ። ሚያዝያ ላይ ሁለት ቧንቧ ተከፈተ፤ ከብቱ ከታች የራሱ ገንዳ ተሠራለት። ይህን የምጽፍልህ ቁስላችሁን ልነካ ሳይሆን፣ ከዚያ ወዲህ በመንደራችን በተቅማጥ የተኛ ሕፃን እንደሌለ ለድንቅነሽ እንድትነግርልኝ ነው።

ፈረንጁ በሌሎቹ ቀበሌዎችም እንዳስተረጉምለት ጠይቆኝ እየሠራሁ ነው። አሁን ቃሉን ሳልይዝ በፊት ነገሩን በእጅህ አሳየኝ እለዋለሁ። ማትሪኩንም ለከርሞ ደግሜ እፈተናለሁ፤ አባባ ፈቅደዋል።

አባባ «ቤታችሁን ይባርክ፣ ጸሎቴ አይለያችሁም» ይላሉ። አህመድ፣ መለሰ ከነሚስቱ፣ እትዬ በለጡም እጅ ነሥተዋል። ለድንቅነሽ እኅትነቴን ንገርልኝ፣ የአካሉንም ሁለቱን ጉንጮች በእኔ ፈንታ ሳምልኝ። እናታችን ግን ሰላምታ አልላከችም። ሰላምታማ በአፍ ነው ትላለች። «እንግሊዞቹ ምንጩን ምንም ይበሉት ምን፣ እነ ቸኮል ልጁን ይዘው ይምጡና ውሃውን በእጄ ላጠጣው፤ ይህችን ብቻ ጻፊልኝ» ብላኛለች።

እኅትህ ሐረግ ወልደ ገብርኤል
ሾላ አምባ፣ ከመካነ ሰላም ወረድ ብሎ
ግንቦት 19 ቀን 1978 ዓ.ም.