የወንዙ መታጠፊያ

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 7፣ ጠዋት
ከሸለቆው የገባ፦ ቲማቲም ዘጠኝ ሣጥን፣ ቃሪያ ሁለት ማዳበሪያ፣ ሐብሐብ የለም። ካምናው በግማሽ ቀንሷል። አትክልቱን የሚያመርቱልኝ ሽማግሌ፣ ሀጂ ዩሱፍ፣ የጉድጓዳቸው ውኃ እየራቀ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የአሸዋ መኪኖች ከማሳቸው ጥግ፣ ከወንዙ መታጠፊያ፣ ሲዝቁ ይውላሉ። ወንዙ ደረቅ ነው፤ ውኃውን ይዞ ያቆየው አሸዋው ነው። እሱ ሲሄድ ውኃውም ይሄዳል፣ ዳርቻውም ይናዳል። ማሳው ከጠፋ ሀርጌሳ ተቀምጬ ምን ልሸጥ?

ዓርብ፣ ሚያዝያ 10
ከመሐመድ ሞጌ ሰፈር አራት የወሎ ልጆች ይዤ ወረድኩ። ዳርቻውን በድንጋይ ካብ አስያዝነው። ልክ እንዳገራችን እርከን፣ ጥብቅ አርገን። ያምራል! ሀጂ ዞረው ዞረው አዩት፣ ምንም አላሉም። ደስ ብሏቸው ነው ብዬ ተመለስኩ።

እሑድ፣ ሚያዝያ 12
ካቡ የለም። እዚህ ጠብታ አልዘነበም። ላይ ዘንቦ ጎርፉ በባዶው ወንዝ መጣ፤ መኪኖቹ ከቦረቦሩት በኩል ከሥር ገብቶ ገለበጠው። ሦስት መደብ ቲማቲም አብሮ ሄደ። ሀጂ ሳቁብኝ። «አባዮ፣ እናንተ የምትክቡት ለዝናብ ነው። የኛ ወንዝ ያለ ዝናብ ነው የሚመጣው።» አባዮ፣ እህቴ ማለታቸው ነው። ታዲያ ዓርብ ለምን ዝም አሉ? ለኔ ብላ የለፋችን እንግዳ እንዴት ተይ እላለሁ አሉ። እስቲ አንቺ ማስታወሻ ፍረጂ። በይሉኝታ ማሳ ይወሰዳል?

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 14
ሽማግሌዎች ግራር ሥር ተቀመጡ። እኔ ከዳር። ግማሽ ቀን ሙሉ ሻይ። ከመታጠፊያው አይዛቅ ተባለ። ጥሩ። ለባለመኪናው ማን ይንገረው? ሰውዬው የሀጂ የእህት ልጅ ነው። ሁሉም ጫማውን እያየ ተበተነ። ሀጂም ጭምር።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 16፣ ማታ
ከሾፌሮቹ አንዱ፣ ተስፋዬ፣ ያገሬ ልጅ ነው። ልቆጣው ሄድኩ።
«እትዬ፣ መታጠፊያውን ወድጄው መሰለዎት? ታች አሸዋ ሞልቷል። መውጫው ግን ጎማ ይውጣል። የሚከፈለኝ በምልልስ ነው። ተቀርቅሬ ልዋልልዎት?»
ይኸው ነው! ስንት ቀን በካብና በሽምግልና ስንከራተት ሾፌሩን የጠየቀ የለም፣ እኔም ጭምር። የታቹን አሸዋ ጎርፍ መልሶ ይሞላዋል፣ ከጉድጓዱም ሩቅ ነው። መውጫው ጠጠር ከለበሰ ሾፌር ሳይለመን ይወርዳል። ዘመድ ከዘመድ አይቀያየምም። ለሀጂ ደወልኩ። ይሄ አይሆንም የሚሉኝ ነገር ካለ ዛሬውኑ ይበሉኝ አልኩ፣ እንግድነቴን ይተዉት። መውጫውን ወደ ግራ አዙሪው፣ በቀኝ ጎርፍ ይበላዋል አሉ። በመጨረሻ!

ነገ፦ ከማሕሙድ ሃይቤ ሰፈር ሁለት አካፋና አንድ ባሬላ መከራየት።