የመርሳው መጽሐፍ አከራይ፣ አቶ ወልደገሪማ ሃፍታይ (1948–2014 ዓ.ም.)

አቶ ወልደገሪማ ሃፍታይ ከአባታቸው ከአቶ ሃፍታይ ገብረዝጊ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ትብለፅ ኣብርሃ በ1948 ዓ.ም. በወልድያ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ጨው ይዘው ከትግራይ መጥተው በዚያው ወልድያ የቀሩ ነጋዴ ነበሩ። አቶ ወልደገሪማ ግን ክርስትና የተነሡት እዚያው ወልድያ፣ ጥርሳቸውን የነቀሉትም እዚያው ነው። ይህ መጻፉ የግድ የሆነው ማወቅ የሚገባው ሰው ሁሉ ስለዘነጋው ነው።

ለትምህርት ሲደርሱ ቄስ ትምህርት ቤት ገብተው ፊደል ቆጠሩ፣ ዳዊት ደገሙ። ቀጥለው በወልድያ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተምረው በ1968 ዓ.ም. ጨረሱ። ውጤት አልመጣላቸውም። በዚያው ዓመት በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ተቀጠሩ። ሥራቸው ጠረዛ ነበር፤ የተበተነ ፋይል ይሰፋሉ፣ ገጹ የተዛነቀ መዝገብ ካለ ክሩን ፈትተው በቅደም ተከተሉ መልሰው ያስራሉ። መንግሥት እስኪቀየር ድረስ ይህንኑ ሲሠሩ ቆይተው ከሥራ ተቀነሱ።

በ1975 ዓ.ም. የግራና ተወላጅ የሆኑትን ወይዘሮ ብዙነሽ ደጀንን አገቡ። የወይዘሮ ብዙነሽ አባት "ወረቀት ሰፍቶ ልጄን ምን ሊያበላት ነው?" ብለው ሽማግሌዎቹን አንድ ጊዜ መልሰዋቸው ነበር። በሁለተኛው እሺ አሉ። ሦስት ልጆች ወለዱ።

በ1985 ዓ.ም. ቤተሰባቸውን ይዘው መርሳ ገቡ፤ መናኸሪያው አጠገብ ደብተርና እስክሪብቶ የሚሸጡባት፣ መጽሐፍም የሚያከራዩባት ትንሽ ሱቅ ከፈቱ። ያኔ ሰው የሚከራየው ወፍራም ልቦለድ ነበር። በ1987 ዓ.ም. ወደ ደሴ የሚያልፍ አንድ መንገደኛ ልባሱ የተገነጠለ መጽሐፍ ትቶላቸው በምትኩ ሌላ ይዞ ሄደ። አቶ ወልደገሪማ ማንበብ ጀመሩ። አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት በሬዋን ልትሸጥ ገበያ ትወጣለች። ጥቂት ገጽ እንደሄዱ ሴትየዋም በሬውም ጠፉ፤ አንድ መርማሪ ባቡር ጣቢያ የተገኘ ሬሳ ገዳይ ይፈልጋል። ገዳዩ እንደተያዘ ደግሞ ከመቃብር ተነሥቶ ሚስቱን ውሃ የሚጠይቅ ሟች መጣ። ሴትየዋን እስከ መጨረሻው ገጽ ጠበቋት፤ አልተመለሰችም።

የጠረዛ ሰው ናቸውና ፍርዳቸው ወዲያው ነበር። ጠራዡ ሰክሮ የስንቱን መጽሐፍ ገጽ አንድ ላይ ሰፍቶታል አሉ። ሊያስተካክሉት ክሩን ቆርጠው፣ የሴትየዋን ለብቻ፣ የመርማሪውን ለብቻ፣ የሟቹን ለብቻ አስቀመጡ። ከዚያ የጎደለውን ሊፈልጉ እያንዳንዱን ደግመው አነበቡ። ወይዘሮ ብዙነሽ "ታዲያ የቀረው የታለ?" ሲሏቸው፣ የመጨረሻውን ገጽ ደግመው አይተው "የቀረ የለም። በሬውን ሸጠች፣ አለቀ። ደግሞም ይበቃል" አሉ።

አጭር ልቦለድ የሚባል ነገር ያወቁት እንዲህ ነው፤ በአርባ ዓመታቸው ገደማ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ማንበብ ተዉ። ደሴ ለዕቃ በሄዱ ቁጥር የአጫጭር ልቦለድ መድበል እየፈለጉ ያመጣሉ፣ ያመጡትን ይፈቱታል፣ እያንዳንዱን ታሪክ ለየብቻ ሰፍተው ልባስ ያለብሱታል። የፍቅሩን ቀይ፣ የወንጀሉን ሰማያዊ፣ የሚያስቀውን አረንጓዴ፣ የሙትና የጂኒውን ጥቁር። ለራሳቸው የሚወዱት ምንም የማይሆንበትን ነበር፤ ሰው ከቤቱ ወጥቶ፣ አንድ ነገር አይቶ፣ ተመልሶ የሚገባበትን። ለእሱ አመድማ ልባስ አበጁለት። የሚከራየው አልነበረም።

ከተማው መጀመሪያ ሳቀባቸው። መጽሐፍ ያርዳሉ ተባለ። "ጋሽ ወልዴ፣ እስቲ ግማሽ ኪሎ ፍቅር ይመዝኑልኝ" የሚላቸው አይጠፋም ነበር። ኋላ ግን መኪና የሚጠብቅ ሁሉ፣ ሱቅ ውስጥ ገበያ የቀዘቀዘበት ሁሉ፣ በቀለም እየጠራ ይወስድ ጀመር። ጎረቤታቸው የጨርቅ ነጋዴዋ ወይዘሮ ረሂማ ጥቁር ብቻ ይወስዱ ነበር፤ ያውም ፀሐይ ሳትጠልቅ መልሰው፣ ቤታቸው እንዲያድር አይፈልጉም። ጡረተኛው ሾፌር አቶ ሞገስ ሰማያዊ እየወሰዱ ገዳዩን ለሚቀጥለው ተከራይ ስለሚናገሩ አቶ ወልደገሪማ ቀይ ብቻ እንዲወስዱ ቀጧቸው። ቅጣቱ ካበቃ በኋላም አቶ ሞገስ ከቀይ አልወጡም። አቶ ወልደገሪማ ይህን ሲያወሩ ሳቃቸው አያስጨርሳቸውም ነበር።

በ2013 ዓ.ም. ጦርነቱ መጣ። መቀሌ ካለው ልጃቸው ከሰናይ ጋር ስልክ ተቋረጠ። ዕድሜ ልኩን የሚያውቃቸው ሰው አባታቸው ከየት እንደመጡ ይጠይቃቸው ጀመር። ነሐሴ ላይ ጦርነቱ ሲቃረብ መርሳ በውርጌሳ አድርጎ ወደ ደሴ መሸሽ ያዘ። አቶ ወልደገሪማ የወይዘሮ ብዙነሽ ጉልበት መንገድ ስለማይችል ቀሩ። የዚያን ሰሞን ሱቃቸውን ከፍተው ለሚያልፈው ቤተሰብ ሁሉ ታሪክ ያድሉ ነበር። ኪራይ አልተቀበሉም። ስትመለሱ ትመልሱልኛላችሁ ይሉ ነበር። መደርደሪያው ባዶ ሆነ። ባለቤታቸው ምን ነካህ ቢሏቸው፣ "እዚህ ከተቀመጡ ይቃጠላሉ። ሰው እጅ ካሉ ግን ሰውየው ይዟቸው ይመጣል" አሉ።

ከተማዋ በታጣቂዎች እጅ በነበረችበት ጊዜ የደረሰውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ታጣቂዎቹ ስማቸውን ሰምተው ሱቃቸው ደጅ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ፣ በአባታቸው ቋንቋ አናገሯቸው። እሳቸውም መለሱ፣ ውሃም ሰጡ። ውሃ የለመናቸውን ከልክለው አያውቁም። በዚያው ቋንቋ የወይዘሮ ረሂማ የቀረች እህል እንዳትወሰድ ለመኑ፤ እህሏም ተረፈች። ከሩቅ ያየ ሰው ግን ሲነጋገሩ አየ እንጂ የተናገሩትን አልሰማም።

ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ታጣቂዎቹ ለቀው ሲወጡ፣ አቶ ወልደገሪማ በጥቆማ ተያዙ። ጥፋት አልተገኘባቸውም፤ በጥር ወር ተለቀቁ። እግራቸው አብጦ፣ ደም ግፊታቸው ብሶ ነበር የመጡት። በማግስቱ ሱቁን ጠረጉ፣ አግዳሚውን አወጡ፣ ተቀመጡ።

የሸሸው ሰው ተመልሷል። በአስፋልቱ ማዶ ያልፋል። ሰላምታ ካለም በአንገት ነው። ወይዘሮ ብዙነሽ እየዞርኩ ልሰብስብልህ ብለው ነበር። "ተይ። ቤት ለቤት የሚጠይቅ ፖሊስ ነው። ራሳቸው ይምጡ" አሉ። ሌላ ነገር አልጠበቁም። ካሣ ክፈሉኝም፣ ይቅርታ ጠይቁኝም አላሉም። አንድ ሰው ያነበበውን ይዞ መጥቶ፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ፣ ሌላ ስጡኝ እንዲላቸው ብቻ ነበር።

በየካቲት ወር አንድ ቀን ማለዳ ሱቁን ሲከፍቱ በበሩ ሥር የገባ ቀይ ልባስ አገኙ። ያንን ቀን ደስ ብሏቸው ዋሉ። በሳምንቱ ሁለት ሰማያዊ ገባ። ከዚያ ጥቁር፣ አረንጓዴ፣ አመድማም ሳይቀር። አንዱ ዝናብ መትቶታል፣ አንዱ ላይ የሻማ ሰም ፈሷል። የተቀደደውን ሰፉ፣ ሁሉንም በየቀለሙ ደረደሩ። ያንኳኳ ግን የለም። ከሰዓት ከሰዓት አግዳሚው ላይ ተቀምጠው የሚያልፈውን ሰው እጅ ያዩ ነበር።

በሚያዝያ ወይዘሮ ረሂማ መጡ። ሳይቀመጡ ቆመው፣ "ጋሼ፣ ሰው አልጠላዎትም። አፍሮ ነው" አሏቸው።

አቶ ወልደገሪማም "በምን ልለየው ረሂማ? በበር ሥር ሲገባ ሁለቱም አንድ ነው" አሏቸው።

ወይዘሮ ረሂማም የመጡት በጓሮ በር ነበር።

በግንቦት መደርደሪያው ሞላ። የመርሳ ሰው ያልመለሰው ታሪክ የለም ማለት ይቻላል፤ ለዚህ ቤተሰቡ ምስክር ነው። አቶ ወልደገሪማ አግዳሚውን ወደ ውስጥ አስገቡና ሱቁን ዘጉ። ከዚያ በኋላ አላነበቡም። መድኃኒታቸውንም ወይዘሮ ብዙነሽ በልመና ነበር የሚያስውጧቸው። ሕመሙ ሲጠና ወልድያ ለሕክምና ተወሰዱ። አልዳኑም። ሰኔ 11 ቀን 2014 ዓ.ም. በተወለዱ በስልሳ ስድስት ዓመታቸው፣ በተወለዱበት ከተማ አረፉ። ሥርዓተ ቀብራቸው በመርሳ በአጥቢያቸው ቤተ ክርስቲያን ይፈጸማል።

አቶ ወልደገሪማ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ብዙነሽ ደጀንን፣ ሴት ልጆቻቸውን ሰገንንና ቃልኪዳንን፣ ወንድ ልጃቸውን ሰናይን ትተው አልፈዋል። ሰናይ አባቱ መሞታቸውን አልሰማም። የሚነገርበት መንገድ አልተገኘም።

ዕድሩ ድንኳኑን የጣለው ሱቁ ፊት ለፊት ነው። ዛሬ መርሳ አንድ ሰው ሳይቀር ወጥቷል፤ ከግራናም ከውርጌሳም መጥታችኋል። በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያያችሁ፣ በፊት ለፊት በር ገብታችሁ ተቀምጣችኋል። ቤተሰቡ ያመሰግናል። በየካቲት ቢሆን ኖሮ እሳቸው ራሳቸው ያመሰግኑ ነበር።

እግዚአብሔር የአባታችንን ነፍስ፣ ማን አየኝ ሳይባል በሚገባበት ቤት ይቀበልልን። አሜን።